«ደንቆሮ» እንዴት ስድብ ሆነ?

ዛሬ «ደንቆሮ» ሲባል አብዛኛው ሰው የሚገባው አላዋቂ፣ ቢነግሩት የማይረዳ ማለት ነው። መነሻ ፍቺው ግን ጆሮው የማይሰማ ነው። በ1954 ዓ.ም. የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ማቴዎስ 11፥5 ላይ «ደንቆሮችም ይሰማሉ» ይላል። ዘለፋ የለበትም፤ ግእዙ «ጽሙም» የሚለውን ሰው በአማርኛ መጥራቱ ነው።

ግሱ እስከ ዛሬ ከጆሮ አልራቀም። «ጩኸቱ አደነቆረኝ»፣ «በወሬ አደነቆረችኝ» እንላለን። «ድንቁርና» ግን ጨርሶ ወደ አእምሮ ተሻግሯል፤ አሁን የመስማት ችግርን በዚህ ቃል የሚጠራ ሰው አይገኝም ማለት ይቻላል።

እንዴት ተሻገረ ለሚለው፣ እኔ መልሱን የምፈልገው «ሰማ» ከሚለው ግስ ነው። አማርኛ መስማትን፣ መረዳትንና መታዘዝን በአንድ ቃል ይጠራል። «ሰማኸኝ?» ማለት ገባህ ወይ ነው። «ይህ ልጅ አይሰማም» ሲባል የሚወቀሰው ጠባዩ ነው። «ያልሰማ ጆሮ ከጎረቤት ያጣላል» የሚለው ተረትም ባለማወቅ የመጣን ጠብ በጆሮ ያሳብባል። ትምህርት፣ ምክርና ታሪክ በቃል ሲተላለፍ በኖረበት አገር፣ የማይሰማ ሰው እንደማይማር ተቆጠረ፤ ስሙም የአላዋቂ ሁሉ መጠሪያ ሆነ።

ግምቱ ስሕተት ነበር። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ደረጃ ይሰጣል፤ መስማት የተሳናቸው ሰዎችም በእጃቸው ይማራሉ፣ ያስተምራሉ፣ ይከራከራሉ። ስድቡ ግን የድሮውን ግምት እንደያዘ ቀርቷል። «ደንቆሮ» ያለ ሰው የሚሰድበው ፊቱ የቆመውን ብቻ አይደለም፤ ምንም ያላጠፉትንም አብሮ ይነካል። ኦሪት ዘሌዋውያን 19፥14 መስማት የማይችለውን መርገም የከለከለው ከጥንት ጀምሮ ነው፤ እኛ ስሙን ራሱን እርግማን አደረግነው።

ሌሎቹ የሞኝነት ቃላት እንዲህ ያለ ዕዳ የለባቸውም። «ደነዝ» ቢላው ደነዘ ከምንለው ጋር ዘመድ ነው፣ ስለት ማጣት። «ፈዛዛ» መብራቱ ፈዘዘ ከሚለው፣ «ተላላ» ደግሞ ከመታለል ጋር ይሄዳል፤ ይህ ሦስተኛው እንዲያውም ከስድብ ይልቅ ወደ ሐዘኔታ ያደላል። እየሰማ እንዳልሰማ ለሚሆን ደግሞ «ጆሮ ዳባ ልበስ አለ» የሚል አነጋገር አለን። ጥፋቱ የራሱ መሆኑን በትክክል ይናገራል፤ መስማት የማይችለውን ሰውም አይነካም።