እንግሊዝኛው ላይ ሰዓት አልበቃ አለኝ፣ ምን ላድርግ?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ሒሳብና ፊዚክስ ብዙም አያስጨንቁኝም። ያስቸገረኝ እንግሊዝኛው ነው።

የድሮ የመግቢያ ፈተና ወረቀቶች አግኝቼ በስልኬ ሰዓት ይዤ እየሠራሁ ነው። 120 ጥያቄ በ2 ሰዓት፣ ለአንዱ 1 ደቂቃ ማለት ነው። ትናንት ማታ ሰዓቱ ሲያልቅ ገና 84ኛው ላይ ነበርኩ። ጊዜዬን የሚበላው ምንባቡ ነው። አንዴ አነባለሁ፣ ጥያቄውን አያለሁ፣ ከዚያ ተመልሼ ሙሉውን እንደ አዲስ አነባለሁ። የማላውቀው ቃል ካጋጠመኝማ እዛው ተተክዬ እቀራለሁ።

ግራመር ላይ ሕጉን በቃሌ እወጣዋለሁ፤ ጥያቄ ሲሆን ግን ይጠፋብኛል። ለምሳሌ «ባይ ዘ ታይም ዊ አራይቭድ፣ ዘ ባስ...» ይላል። መልሱ «ሃድ ለፍት» ነው፣ እኔ «ሃዝ ለፍት» ብዬ አከበብኩ። እኛ ስንደርስ አውቶቡሱ ሄዶ ነበር፤ በአማርኛ እኮ ግልጽ ነው! በሰዓቱ ግን አልመጣልኝም። የተዘበራረቁ ዓረፍተ ነገሮችን በቅደም ተከተል አስተካክሉ የሚለውንማ በግምት ነው የምሠራው።

አስጠኚ ለመቅጠር አቅም የለንም። ታላቅ እህቴ «ዝም ብለሽ ልብ ወለድ አንብቢ» ትለኛለች። ፈተናው 2 ወር ቀርቶት ልብ ወለድ ይደርስልኛል እንዴ?

የተፈተናችሁ፣ ከምንባቡ ነው ከግራመሩ የጀመራችሁት? ጥያቄውን አስቀድሞ ማንበብስ ይሠራል? በቀን ያለኝ 1 ሰዓት ተኩል ብቻ ነው፤ ለየቱ ባውለው ይሻላል?