ከመናኸሪያው በታች ያለው ቅያስ ይዘጋ ወይስ አይዘጋ?

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረውን ወረቀት አብዛኞቻችሁ አይታችሁታል። ላላየ ልንገረው። አራት እድሮች ተስማምተው ፊርማ እያሰባሰቡ ነው። ከመናኸሪያው በታች ባለው ቅያስ ያሉት መጠጥ ቤቶችና አልጋ ቤቶች ይዘጉ፣ «በዝሙት የሚተዳደሩ ሴቶችም ከአካባቢው ይነሱ» ይላል። ሲሞላ ለከተማው አስተዳደር ይገባል። ከተማችንን ታውቋታላችሁ፤ የደሴ መንገድ ላይ ናት። ከደብረ ብርሃን ወጥቶ ወደ ቆላው የሚወርድ መኪና ሁሉ ይረግጣታል፤ ግማሹም ያድርባታል። እኔ እስካሁን አልፈረምኩም። እናንተስ?

የእድር ጸሐፊው፦ ወረቀቱን ካረቀቁት አንዱ እኔ ነኝና ልጀምር። «ሽማግሌዎቹ ሥራ ፈቱ» ሲባል ሰምቻለሁ። ሥራ አልፈታንም። ሁለተኛዋ ልጄ የማታ ተማሪ ናት። ቀን ሱቅ ትሠራለች፣ ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከትምህርት ቤት ትወጣለች። ቤት የሚያደርሳት መንገድ ይኸው ቅያስ ብቻ ነው። ባለፈው ወር አንድ የጭነት መኪና ሹፌር መስኮቱን አውርዶ «ስንት ነው?» አላት። ደብተር ታቅፋ እኮ ነው! ቤት ገብታ እራት አልበላችም። እናቷ ለምና ለምና በሦስተኛው ቀን ነው የተናገረችው። አሁን ከትምህርቱ ልትቀር ነው። እኔ ማንንም አልጠላም። የልጄን መንገድ ግን እፈልገዋለሁ።

የሰፈሩ ልጅ፦ ፈርሜያለሁ። ክርክር አያስፈልገውም። ኃጢአት ነው፣ ሕገ ወጥም ነው። ወጣቱ ደግሞ እዚያ ቅያስ ውስጥ እያለቀ ነው።

የሕግ ተማሪ፦ «ሕገ ወጥ» የምትለዋን እንተራረም፤ ወረቀቱም ላይ አለች። ከግንቦት 1997 ጀምሮ በሚሠራው የወንጀል ሕግ ውስጥ፣ ለአካለ መጠን የደረሰች ሴት ገላዋን መሸጧ ብቻውን ወንጀል ተብሎ አልተቀመጠም። ወንጀሉ ሌላ ቦታ ነው። አንቀጽ 634 የሚቀጣው በሌላ ሰው ዝሙት አዳሪነት የሚኖረውን፣ የሚያቃጥረውን፣ ለዚሁ ሥራ ቤት ከፍቶ የሚያከራየውን ነው። መንገድ ላይ ሰው መጎትጎት ደግሞ አንቀጽ 846 ላይ አለ። እሱ ደንብ መተላለፍ ነው፤ ቅጣቱ መቀጮ ወይም ቢበዛ የአንድ ወር ማረፊያ ቤት። አንቀጹ «ሴት» አይልም፣ «ማንም» ነው የሚለው። ጋሼ፣ ያ ሹፌር ራሱ እዚህ ሊገባ ይችላል።

ባለ ሲኖትራኩ፦ እኔም ሹፌር ነኝ፤ ልሰደብ መጣሁ። ልጅቷን የጠየቃት ባለጌ ነው፣ ስለ እሱ ይቅርታ። ግን አንድ ነገር ልናገር። በዚህ መንገድ ስመላለስ ዘመቻ ስንቴ አጋጥሞኛል። አንድም ቀን ሹፌር ሲታፈስ አላየሁም። ሚሊሻው መጥቶ «ሹፌር፣ አንተ ሂድ፣ መንገድ ይርቅሃል» ነው የሚለን! ሴቶቹን ጭኖ ይሄዳል። እኛ ምን እናደርጋለን? እዚህ ከተዘጋ ደብረ ሲና እናድራለን፣ እዚያ ከተዘጋ ሸዋ ሮቢት። ሙቀቱን እንችለዋለን።

የሰፈሩ ልጅ፦ ይሄን በኩራት ነው የምትናገረው?

ባለ ሲኖትራኩ፦ በኩራት አይደለም ወንድሜ። የሆነውን ነው የነገርኩህ።

ጠላ ሻጯ፦ እኔን አንድ ነገር አስረዱኝ። ወረቀቱ «መጠጥ ቤቶች» ይላል። እኔ ጠላና አረቄ ነው የምሸጠው። ቤቴ ሴት የለችም፣ አልጋ የለም። ባለቤቴ ካረፈ ጀምሮ ሦስት ልጅ ያሳደግኩት በዚያች እንስራ ነው። ነገ ከፈረማችሁ በኋላ ማን ለይቶ ያየኛል? ሙዚቃው ግን ይቀነስልን። እሱስ እውነት ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ጆሯችን ደማ።

ጤና ጣቢያ ያለሁት፦ እኔ ከሥራዬ በኩል ልናገር። በ2010 በከተሞቻችን የተሠራው ትልቁ ጥናት ከ15 እስከ 64 ዓመት ካሉት ነዋሪዎች ከመቶ 3ቱ ኤችአይቪ በደማቸው እንዳለ አሳይቷል። በዚህ ሥራ ባሉ ሴቶች ላይ ቁጥሩ ብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ ዘመቻ ይደረግ ትሉኛላችሁ። እሺ፣ ዘመቻ በተደረገ ማግስት የሚሆነውን ስሙ። የቀጠሮ ዝርዝር ይዘን እንደውላለን፤ ስልኩ ዝግ ነው። መድኃኒት የጀመረች ሴት የት እንደገባች አይታወቅም። መድኃኒቷን በአግባቡ ወስዳ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ደረጃ የደረሰች ሴት በግንኙነት አታስተላልፍም። አቋርጣ ሌላ ከተማ የገባችው ግን ተመልሶ ይጨምርባታል። ቫይረሱ ለሌለባቸውም ከመጋለጥ በፊት የሚወሰድ ክኒን አለ፣ ፕሬፕ የሚባለው። እሱም በየቀኑ መዋጥ አለበት። ሻንጣ ተሸክማ የምትሮጥ ሴት ክኒን አትቆጥርም።

የሰፈሩ ልጅ፦ ታዲያ ኃጢአትን በክኒን እናስታምመው?

ዲያቆኑ፦ ኃጢአት መሆኑን እኔም አልክድም። ግን የኢያሪኮዋን ጋለሞታ ረዓብን አንብብ። ኢያሪኮ ስትወድቅ የተረፈው የማን ቤት ነው? ማቴዎስ ምዕራፍ 1 ላይ፣ በጌታ የትውልድ ሐረግ ውስጥ፣ ስሟ ተጽፏል። ግብጻዊቷን ማርያምንም አስባት። ከዚያ ሕይወት ያወጣት ፖሊስ አልነበረም።

ስሜ ይቅር፦ ሰላም። እዚህ የምትጻጻፉበት ግሩፕ ውስጥ ሁለት ዓመት አለሁ፤ ጽፌ አላውቅም። ስለ እኛ ስታወሩ ግን ሁሌ አነባለሁ። ከመናኸሪያው በታች የምሠራ ነኝ።

ጋሼ፣ መጀመሪያ የልጅዎ ነገር አሳዝኖኛል። እኔም የስምንት ዓመት ልጅ አለችኝ፤ ገጠር እናቴ ጋ ናት። ለምን እዚህ የማላመጣት ይመስላችኋል? ያ ቅያስ ለልጅ እንደማይሆን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

አሁን ስለ ዘመቻ ልንገራችሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ሌላ ከተማ ሳለሁ ነው፤ ከተማዋን አልጠራም። ማታ አራት ሰዓት ላይ መጡ። ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው፣ ከኋላ ሚሊሻ አለ። እኔ ውሃ እያሞቅኩ ነበር። ፍራሼን ጎትተው ደጅ ጣሉት፤ ይዘንባል። ስፖንጅ ፍራሽ ዝናብ ሲጠጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሁለት ሰው አያነሳውም። ከልጆቹ አንዱን አውቀዋለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣ ነበር። አየኝ፣ አየሁት። ሁለታችንም አልተነፈስንም። ሦስት ቀን ታስረን፣ ማንም ፍርድ ቤት ሳያቀርበን፣ «ከተማውን ልቀቁ» ተብለን ወጣን። የመሳፈሪያ አልነበረኝም። አንድ ሹፌር ጫነኝ። በምን እንደከፈልኩት አልነግራችሁም። ይኸው እናንተ ጋ ደረስኩ። የዚያ ዘመቻ ፍሬ እኔ ነኝ።

እዚያ የቀሩት እንደነገሩኝ ቤቶቹ በሁለተኛው ሳምንት ተከፍተዋል። የአልጋው ዋጋ ግን ጨመረ፤ ባለቤቶቹ «አሁን አደጋ አለው» አሉ። «ሊመጡ ነው» ብሎ ስልክ የሚደውል ሰው ተገኘ፤ እሱም በየሳምንቱ ይከፈለዋል። ይህ ሁሉ ከማን ኪስ ይወጣል? በፊት በአንድ ሾርት፣ በአንድ የአጭር ሰዓት ደንበኛ ማለቴ ነው፣ የምሸፍነውን በሦስት መሸፈን አለብኝ። ዕዳ ሲበዛ «ያለ ኮንዶም እጨምርልሻለሁ» የሚለውን ሰው እንደበፊቱ በቁጣ አታባርሪውም። ቆም ብለሽ ታስቢያለሽ። ጤና ጣቢያ ያለኸው፣ ይህንንም ጻፈው።

የሰፈሩ ልጅ፦ እሺ አንቺ ምን ይሁን ትያለሽ? ዝም እንበል?

ስሜ ይቅር፦ ዝም በሉ አላልኩም። ልጆቹን አውጡ። ደላላ ከገጠርም ከተፈናቃይ መጠለያም «የቤት ሠራተኛ ትሆኛለሽ» ብሎ የሚያመጣትን የ15 እና የ16 ዓመት ልጅ መጀመሪያ የምናያት እኛ ነን። ዓምና አንዷን እኔና ጓደኛዬ ከእቁብ ብራችን ከፍለን ወደ እናቷ መለስናት። ለማን እንናገር? ብንናገር ቀድሞ የሚታሰረው የተናገረው ነው። ደላላው ግን ጠዋት መናኸሪያው በር ላይ ሻይ ይጠጣል። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ወረቀታችሁ ላይ ስለ እሱ አንድ መስመር አለ? የለም።

ደግሞ ሁላችንም አንድ ሐሳብ አለን ብላችሁ አታስቡ። አጠገቤ ያለችው ልጅ ዘመቻውን ትደግፋለች። «ካላባረሩኝ በራሴ አልወጣም፣ ይምጡ» ትላለች። ታናድደኛለች፣ ግን ይገባኛል።

የሕግ ተማሪ፦ ሥልጠና የሚባለውስ? አዲስ አበባ በ2016 «ለነገዋ» የሚባል የሴቶች ተሐድሶና ክህሎት ማበልጸጊያ ማዕከል ተከፍቷል። እንዲያ ያለ ነገር ብንጠይቅስ?

ስሜ ይቅር፦ የዚያን አላየሁትም፣ ጥሩ ነው ሲሉ እሰማለሁ። እኔ አንዴ በሌላ ቦታ ፀጉር ሥራ ተምሬያለሁ። 45 ቀን። ሠርተፍኬት ሰጡን፣ ፎቶ አነሱን፣ ሄዱ። ወንበሩ፣ መስታወቱ፣ ማድረቂያው፣ የሱቁ ኪራይ ከየት ይምጣ? ሠርተፍኬቱ ከዚያ ፍራሽ ሥር ነበር። አብሮ ራሰ።

የእድር ጸሐፊው፦ እህቴ፣ በእውነት አሳዝነሽኛል። ግን እኔ የፈረምኩት በቤቶቹ ላይ ነው። የሚያከራዩት ናቸው ሰፈሩን ያበላሹት።

ስሜ ይቅር፦ ጋሼ፣ ከፈራሚዎቹ አንዱ አከራዬ ነው። ለዚያች ክፍል ሌላ ተከራይ 2 ሺህ ብር ይከፍላል። እኔ 6 ሺህ እከፍላለሁ። ቆርቆሮው ያፈሳል።

የእድር ጸሐፊው፦ ማነው? ስሙን ጥሪው! ከእድር እናስወጣዋለን።

ስሜ ይቅር፦ ብጠራው ዛሬ ማታ የት አድራለሁ?

አወያይ፦ እዚህ የማንም ስም አይጠራም። እኔ ለምን እንዳልፈረምኩ አሁን ልናገር። ወረቀቱን ያመጣልኝን ሰው «ከአካባቢው ይነሱ ይላል፤ ወዴት?» አልኩት። ሳቀብኝ። «እሱ የእኛ ጉዳይ አይደለም» አለ። ሸዋ ሮቢት ያለው እድርም እንዲሁ ካለ፣ ሴቶቹ በዚህ መንገድ ላይ ሲንከራተቱ ሊኖሩ ነው ማለት ነው። በእኔ በኩል ወረቀቱ ሁለት ቢሆን ይሻላል። አንዱ በደላላና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን በሚያሠሩ ላይ ይሁን። እሱን አሁኑኑ እፈርማለሁ። «ይነሱ» የሚለው ብቻውን ይቅረብ፤ የፈለገ ይፈርምበት።

የሰፈሩ ልጅ፦ ሰው ሁሉ ፈርሞበት ካለቀ በኋላ? እኔ ፊርማዬን አልቀይርም። ወረቀቱ እንዳለ ይግባ።

ዲያቆኑ፦ እኔ ሁለተኛውን አልፈርምም።

የእድር ጸሐፊው፦ ብቻዬን ልቀደው አልችልም። አራት እድር ነው። እሑድ ስንሰበሰብ የደላላውን ነገር አነሳለሁ። የአከራዩንም። ከዚያ በላይ ቃል አልገባም።

ጠላ ሻጯ፦ ለመሆኑ የዚያ ቅያስ መብራት መቼ ነው የሚሠራው? ሦስቱም አምፖል ከጠፋ ዓመት ሊሆነው ነው። ጨለማ ባይሆን እኮ ሹፌሩም ደብተሯን ያይ ነበር።

ባለ ሲኖትራኩ፦ እውነቷን ነው። ማታ እዚያ ጋ ሰውና ምሰሶ አይለይም።

የእድር ጸሐፊው፦ ማመልከቻ በእድሩ ማኅተም አስገብቻለሁ፤ ሐምሌ ላይ። መልስ የለም።

ስሜ ይቅር፦ እኛም አስገብተን ነበር፣ ሰኔ ላይ። 14 ሴቶች ፈርመን። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ «ማኅተም የሌለው ወረቀት አይገባም» ብላ መለሰችልን።

የእድር ጸሐፊው፦ ወረቀቱ አለ?

ስሜ ይቅር፦ አለ።

የእድር ጸሐፊው፦ የዘመቻውን ፊርማዬን አላነሳሁም፣ ይታወቅ። የመብራቱን ግን ነገ ከስምንት ሰዓት በኋላ እድሩ ቤት አምጪው። ማኅተሙ እኔ ጋ ነው።