ከአያቴ ሙዳይ ግጥም እንዴት ይወጣል?

የደብረ ብርሃኗ
ሰላም ለዚህ ቤት። አያቴ የመንዝ ሰው ነበረች፤ ካረፈች በኋላ ሙዳይዋ ለእኔ ደረሰኝ። ውስጡ አንድ ጠገራ ብር፣ የካፖርት ቁልፍ፣ መርፌና እንዝርት አለ። እንዝርቱ ላይ ጥቁር የበግ ጠጉር እንደተጠመጠመ ነው፣ ፈትሉ መሀል ላይ ቀርቷል። ስለነዚህ ዕቃዎች ግጥም መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ግን እስክሪብቶ ባነሳሁ ቁጥር የሚወጣው «አያቴ ናፈቅሽኝ» ብቻ ነው። ናፍቆቱ እውነት ነው፣ ግጥሙ ግን የማንም ሰው አያት ሊሆን ይችላል። እናንተ ከዕቃ ስትነሱ ከየት ትጀምራላችሁ?

መሐል ሜዳ
እህቴ፣ ናፍቆቱን ለጊዜው ተይው። እንዝርቱን እጅሽ ላይ አድርጊና የምታዪውን ብቻ ጻፊ። ዘንጉ የት ጋ ለሰለሰ? ጣቷ የት ጋ ነበር የሚያርፈው? ጠጉሩ አሁንም ቅባት ቅባት ይላል? ከዚያ ሥራውን አስቢ፦ በጉ ይሸለታል፣ ጠጉሩ በደጋን ይነደፋል፣ ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ሸማኔው ደግሞ ባና (የሱፍ ብርድ ልብስ) ወይም በርኖስ (የሱፍ ካባ) አድርጎ ይሠራዋል። እነዚህ ግሶች ግጥምሽ ውስጥ ከገቡ «ናፈቅሽኝ» ማለት ላያስፈልግሽ ይችላል። ከሁሉ በላይ ግን ጠይቂ። ያ ፈትል ለማን ነበር? የሚያውቅ ሰው በሕይወት ካለ ዛሬውኑ ደውዪ፣ ነገ አትበዪ።

ጋሽ መምህር
ስለ ጠገራው አንድ ነገር ልበል። ላዩ ላይ 1780 የሚል ታገኛለሽ፤ ያ ምስሏ ብሩ ላይ ያለው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ከዚያ በኋላ የተመቱትም ያንኑ ዓመት ይዘው ነው የወጡት፤ ስለዚህ ቁጥሩን አይተሽ ብሩ በዚያ ዓመት ተሠራ ብለሽ እንዳትጽፊ። ለእኔ ግን ግጥሙ እዚህ ላይ ነው ያለው፦ ስንት ገበያ ዞሮ፣ ምናልባት በአንኮበር ሥር አልዩ አምባ ላይ በጨው ተመንዝሮ፣ ዓመቱ ግን ንቅንቅ ያላለ ብር። በቅርጽ በኩል ለጀማሪ የወል ቤት ይመችሻል። ስንኙ 12 ቀለም (ስናነብ በአንድ ምት የሚወጣ ድምፅ) ነው፣ 6 ብለሽ ትተነፍሺና 6 ትደግሚያለሽ። ጮክ ብለሽ አንብቢው፤ ጆሮሽ የተሰበረውን ይነግርሻል።

ጣርማበር ላይ
እኔ ትንሽ ልለይ። የግድ የአያት ዕቃ መሆን የለበትም። የውርስ ዕቃ ሲሆን ሰው ገና ሳይጽፍ ማልቀስ ይጀምራል። እኔ ከመንገድ ዳር ባነሳሁት ነገር ነው የምለማመደው፦ የባትሪ ድንጋይ፣ አንድ እግር የላስቲክ ጫማ፣ የክብሪት ቀፎ። ባለቤቱን ስለማላውቀው ዕቃውን አተኩሬ ለማየት እገደዳለሁ። ባለፈው ክረምት አጥር ላይ የተሰቀለ የተቀደደ ላስቲክ አየሁ፣ እረኛ ለዝናብ የሚደርበው ዓይነት። ወዲያው ከጓሳ ሣር የሚሠራው ገሳ ትዝ አለኝ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ጻፍኩ፤ ማንንም ሳላወድስ፣ ማንንም ሳልወቅስ፣ ዝናቡ በሣሩና በላስቲኩ ላይ ሲወርድ የሚያሰማውን ድምፅ ብቻ። እስካሁን ከጻፍኩት የምወደው እሱን ነው። አንቺም ከሙዳዩ መጀመሪያ የካፖርቱን ቁልፍ ሞክሪ፣ ስለ ቁልፉ ምንም የምታውቂ አይመስለኝም።

የደብረ ብርሃኗ
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አክስቴ ጋ ደወልኩ። ፈትሉ ለአያቴ ባል በርኖስ ነበር አለችኝ። እሱ ካረፈ በኋላም አላቆመችም፣ ማታ ማታ እሳት ዳር ቁጭ ብላ ትፈትል ነበር፤ ለማን ነው ሲሏት ዝም። ይህን ስሰማ እጄ ተንቀጠቀጠ። ጋሼ፣ በነገሩኝ በወል ቤት ሞክሬዋለሁ፦

ጠጉር ትፈትል ነበር ለሌለ ትከሻ፣
እጇ አላረፈም እስከ መጨረሻ።

መሐል ሜዳ
የመጀመሪያውን ስንኝ እንዳትነኪው! «ለሌለ ትከሻ» በጣም ጥሩ ነው፣ በተለይ በርኖስ ትከሻው ላይ ሾጠጥ ብሎ እንደሚቆም ለሚያውቅ ሰው። ሁለተኛው ግን ቤት ለመምታት ብቻ የመጣ ይመስላል። «እስከ መጨረሻ» ምንም አያሳይም። አክስትሽ የነገረችሽ እሳት የት ገባ? «ማምሻ»ም እኮ ከ«ትከሻ» ጋር ቤት ይመታል። «ማስታወሻ»ን ግን አደራ፣ ሁሉም ሰው እሱ ላይ ነው የሚወድቀው። አስተካክለሽ መልሰሽ ለጥፊው፣ እንጠብቃለን።