ታኅሣሥ 4 ማታ የግቢ መብራት ይጥፋ፦ ለልጆች የኮከብ ማታ

ጸሐፊ፦ ለኮሚቴው የምናቀርበው ሐሳብ እስከ እሑድ ማለቅ አለበት። እስካሁን ያለን «ልጆቹን ኮከብ እናሳያቸው» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። ቀንና ቦታ እንቁረጥ።

የብሎክ 3 አባት፦ እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፤ እዚያ እናስፈቅድ። ካልሆነ አውቶቡስ ተከራይተን ሱሉታ። ቀኑ ጥር 10 ይሁን፣ ጨረቃ ጭራሽ የለችም።

የብሎክ 7 እናት፦ ጥር 10 ከተራ ነው እኮ! ማን ግቢ ይገኛል? ደግሞ ይሄን ሁሉ ልጅ በዚህ ውርጭ ሱሉታ? የኔ ትንሹ አስም አለበት። እዚሁ ሜዳው ላይ ቢሆንስ?

መምህር፦ እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። ሃምሳ ልጅ አንድ ቴሌስኮፕ ፊት ቢሰለፍ የሚማረው ተራ መጠበቅ ነው። መጀመሪያ ሰማዩን በባዶ ዐይኑ ይልመድ። ቅዳሜ ታኅሣሥ 4ን አስቡበት። ጨረቃ የምትወጣው ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ ነው፣ እኛ በ4 ሰዓት እንበተናለን። በዚያ ላይ ጀሚኒድ የሚባሉት ተወርዋሪ ኮከቦች የሚበዙበት ሌሊት ነው። ገውዝ (በእንግሊዝኛ ጀሚኒ) ከሚባለው የከዋክብት ስብስብ አቅጣጫ የሚመጡ ስለሚመስሉ ነው ስሙ። ከተማ ውስጥ፣ ያውም ገውዝ ገና ከአድማስ ብቅ ሲል፣ ብዙ አይታይም፤ አንድ ልጅ ሁለት ሦስት ካየ ጥሩ ነው። ብዙ ቃል አትግቡላቸው።

የብሎክ 3 አባት፦ እሺ ጋሼ፣ ተሸነፍኩ። ግን በምን እንጀምር? ኢንተርኔት ላይ ያለው መመሪያ ሁሉ «የሰሜን ኮከብን ፈልጉ» ይላል።

መምህር፦ እሱ ለአውሮፓ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች የሰሜን ኮከብም ከአድማስ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ከፍ የሚለው። ክንድህን ዘርግተህ ጨብጥ፤ ቡጢህ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። እኛ ሜዳ ላይ ብሎክ 5 ይጋርደዋል። ወደ ምሥራቅ ዙሩና ኦሪዮን በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ጀምሩ፤ ሦስቱ የመቀነቱ ኮከቦች አይሳቱም።

የብሎክ 3 አባት፦ ትናንት ማታ በረንዳ ላይ ከልጄ ጋር ሞከርኩ። ሦስቱ ጋደል ብለው አንዱ ካንዱ በላይ ተደርድረዋል። «የአያዬ ሸሚዝ ቁልፍ!» አለች። ከዚያ በግራ በኩል ቀላ ያለውን፣ በቀኝ ነጭ ሰማያዊውን ራሷ ለየች፤ ቤተልጀስና ራይጀል መሆናቸውን እኔም ገብቼ ነው ያነበብኩት። ከፍ ብሎ ደግሞ ሰባቱ ከዋክብት አሉ፣ እሷ ስድስት ቆጠረች፣ እኔ አራት። መነጽሬን ልቀይር መሰለኝ።

የብሎክ 7 እናት፦ ስልክ ይከልከል። ጨለማ የለመደ ዐይን አንድ ስክሪን ካየ እንደገና ሃያ ደቂቃ ይፈልጋል። ባትሪዎቹን ቀይ ፌስታል እንጠቅልልባቸው። ማስታወቂያው ላይም «ኮከብ ቆጠራ» እንዳትሉ አደራ፤ ባለፈው አንዷ ጎረቤቴ ስሰማት «ጠንቋይ ሊያመጡብን ነው» እያለች ነው።

የብሎክ 5 ተወካይ፦ መብራት ይጥፋ ማለት ቀላል ነው። ዓምና ከግቢ ሁለት የመኪና መስታወት ተነቅሏል፣ ረሳችሁት? የኛ ብሎክ አይስማማም።

ጸሐፊ፦ ልክ ነው፣ እሱን ሳንመልስ አናቀርብም። የመኪና ማቆሚያው መብራት ይብራ፣ የሚጠፋው ሜዳው ዙሪያ ያሉት አራቱ ብቻ ይሁኑ፣ ከ2 እስከ 4 ሰዓት። ለሁለቱ ጥበቃዎች የትርፍ ሰዓት እንክፈል፤ አውቶቡሱ ስለቀረ ወጪው ይኸው ብቻ ነው። ይበቃል?

የብሎክ 5 ተወካይ፦ የማቆሚያው ከበራ እሺ። ግን ከኛ ምድር ቤት ያሉት እትዬ ሱቃቸው ፊት ያለው ፓውዛ ሜዳውን ቀን ነው የሚያስመስለው። እሳቸውን እኔ አልናገርም።

መምህር፦ እሳቸውን ለኔ ተዉት፣ እኔ አናግራቸዋለሁ። ሁለቱን የልጅ ልጆቻቸውን ፊት መስመር አስቀምጣለሁ።

ጸሐፊ፦ ጻፍኩት። ምንጣፍና ጋቢ እያንዳንዱ ከቤቱ። ጾም ስለሆነ ቆሎና ሻይ። ትልቁን ፔርሙስ ማን ያመጣል?

የብሎክ 7 እናት፦ የኔ ክዳኑ ያፈሳል እንጂ አለ።