አስቸኳይ፦ ኤክሴል የፈረሶቹን ኦድ ሁሉ ቀን አደረገብኝ!

በረዶ ያገተው
ሰላም ቤተሰብ፣ ቶሎ ቶሎ ልጻፍ። የአኩዳክት (የኒው ዮርኩ የፈረስ ሜዳ) የመጀመሪያ ሩጫ ሊጀመር 40 ደቂቃ ነው የቀረው። በረዶው ደጁን ስለዘጋብኝ ዛሬ እቤት ቁጭ ብዬ ውርርዱን በሥርዓት ልጫወት ብዬ፣ ሌሊቱን ሙሉ የፈረሶቹን ዝርዝር ወደ ኤክሴል ስገለብጥ አደርኩ። አሁን ሳየው የኦዱ (ፈረሱ ቢያሸንፍ ለውርርዱ የሚከፍለው ትርፍ) ኮለም በሙሉ ቀን ሆኗል! 8/5 የነበረው ኦገስት 5 ይላል። 5/2 ሜይ 2 ሆኗል። 7/2 ጁላይ 2። 12/1 የነበረችው ደግሞ ዲሴምበር 1 ሆና ቁጭ ብላለች። ከጎኑ የማሸነፍ እድል የሚያሰላ ኮለም አለኝ፣ እሱ ለሁሉም ፈረስ 0.00 በመቶ ነው የሚለው። ዘጠኝ ሩጫ ነው፣ አንድ በአንድ ልጻፍ ብል አልደርስም። ምን ላድርግ?

ሌላም አለ። በሦስተኛው ሩጫ ያለ አንድ ፈረስ ባለፈው ወር የውድድር መረጃ ወረቀት ላይ 2 ዓመቱ ነበር። ዛሬ 3 ይላል። ሌላ ፈረስ ነው እንዴ?

ልጓም
ኤክሴል እውነቱን ነው የነገረህ። እድልህ 0.00 በመቶ ነው 😂

ፈጣን መልስ
ቀላል ነው። ኮለሙን ምረጥና ፎርማቱን ቴክስት አድርገው። አለቀ።

በረዶ ያገተው
አደረግኩት! ጭራሽ ባሰ። አሁን ሁሉም 46 ሺ ምናምን ሆነ። 5/2 የነበረው 46144 ሆኗል። 46144 ለ 1 የሚከፍል ፈረስ አለ?

ልጓም
እሱ ፈረስ ካለ ቁጥሩን በውስጥ መስመር ላክልኝ። ቤቴን ሸጬ እመጣለሁ።

ጋሽ ኮርቻ
ልጄ፣ ስለዚህ ስለ ኤክሴል የምትሉትን አላውቅም። ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ፈረስ በሰንጠረዥ አይታወቅም፣ በዓይን ነው የሚታወቅ። እናንተ የዛሬ ልጆች ፈረሱን ሳታዩ ቁጥሩን ታያላችሁ። ከሩጫው በፊት ፈረሶቹን ሲያዞሯቸው በቴሌቪዥን ያሳያሉ፣ እሱን አትዝለል። እንዲህ በሚቀዘቅዝ ቀን ፈረስ በኋላ እግሮቹ መካከል አረፋ የሚመስል ላብ ካሳየ ጉልበቱን ገና ሳይሮጥ እየጨረሰ ነው። በክረምት የሁሉም ፀጉር ይጎፈራል። ከመካከላቸው ጠጉሩ የሚያብለጨልጭ ካየህ ልብ በለው፣ ተመችቶታል ማለት ነው። ጆሮውን እይ። አንገቱን እይ። ጋላቢው ሲወጣበት እንዴት እንደሚቆም እይ። ድሮ እኛ ወረቀትም አልነበረን። ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ አድሬ ያልከው ነገር ደስ አላለኝም። እንቅልፍ ያጣ ሰው ገንዘብ መያዝ የለበትም።

በረዶ ያገተው
እሺ ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ግን 33 ደቂቃ ነው የቀረኝ 🙏

ሂሳብ አስተማሪዋ
መረጃው አልጠፋም፣ አትደንግጥ። ኤክሴል 5/2ን ሲያይ አምስተኛው ወር ሁለተኛው ቀን መሰለው። ቀንን ደግሞ በሆዱ የሚይዘው ከ1900 መጀመሪያ አንስቶ በተቆጠረ የቀን ብዛት ነው። 46144 ያልከው እሱ ነው። ለዚህ ነው ከተበላሸ በኋላ ቴክስት ማድረግ የማይረዳህ። ቴክስት የሚሠራው ከመገልበጥህ በፊት ብቻ ነው።

አሁን ግን ወሩም ቀኑም እዚያው ስላሉ ዕድለኛ ነህ። አጠገቡ ባዶ ኮለም ክፈት። ማንዝ (MONTH) የሚባለው ፎርሙላ የወሩን ቁጥር ያወጣል፣ ዴይ (DAY) የሚባለው የቀኑን። ወሩን ለቀኑ አካፍል። ሜይ 2 አምስት ሲካፈል ለሁለት ነው፣ 2.5 ይሰጥሃል። እሱ ነው ኦድህ። አንዱን ሴል ጻፍና እስከ ታች ጎትተው። ዘጠኙም ሩጫ በአንድ ደቂቃ ያልቃል።

ግን መጀመሪያ አረጋግጥልኝ፣ 5/2 የሆነው ሜይ 2 ነው ወይስ ፌብሩዋሪ 5? ኮምፒውተርህ ቀንን ከወር የሚያስቀድም ከሆነ ማካፈሉን ገልብጠው።

ፈጣን መልስ
ፎርማቱን ቴክስት አድርገው አልኩ እኮ። ለምን ታወሳስቡታላችሁ?

ልጓም
የእኛ አገር ኤክሴል ቢሆን እኮ 13/1ን ጳጉሜ 1 ብሎ ይቀበልህ ነበር።

በረዶ ያገተው
ቴክስቱን ወደ ቀን መልሼ አየሁት፣ ሜይ ነው፣ ሜይ 2። መምህርት እንዳልሽው አደረግኩት። አሁን ደግሞ ሁሉም ጃንዋሪ ሆነ!!! ሜይ 2 የነበረው ጃንዋሪ 2። ኦገስት 5 የነበረው ጃንዋሪ 1። ላብድ ነው።

ሂሳብ አስተማሪዋ
😂 ልክ ሠርተኸዋል። አዲሱ ኮለም የቀን ፎርማቱን ከጎረቤቱ ወርሶ ነው። ቁጥሩ 2.5 ነው፣ ኤክሴል ግን ሁለተኛው ቀን ተኩል እያለ ነው የሚያነብልህ። አዲሱን ኮለም ብቻ ምረጥና ፎርማቱን ነምበር አድርገው፣ ሁለት ዴሲማል። አሮጌውን አትንካው።

ሶምሶማ
ጃንዋሪ 1 ስትሉ ትዝ አለኝ። የፈረሱን ዕድሜ ጥያቄ ማንም አልመለሰለትም። ያው ፈረስ ነው ወንድሜ። ከምድር ወገብ በላይ ባሉ አገሮች የቶሮብሬድ (የሩጫ ዘር) ፈረስ ሁሉ ልደቱ ጃንዋሪ 1 ነው። ፌብሩዋሪ ይወለድ ሜይ፣ አዲስ ዓመት ሲገባ ሁሉም አንድ ዓመት ይጨምራል። ያንተው በዲሴምበር 2 ነበር፣ አሁን 3 ሆነ። ይህ ለጨዋታህም ይጠቅምሃል። ሜይ መጨረሻ የተወለደ ውርንጭላ ፌብሩዋሪ ከተወለደው ጋር እኩል 3 ዓመት ተብሎ ይሮጣል፣ ግን በዚህ ክረምት ገና ልጅ ነው። ወረቀቱ ላይ የተወለደበት ወር ስላለ እይው።

ልጓም
እንግዲህ ኤክሴል ሁሉንም ጃንዋሪ 1 ሊያደርግ የሞከረው ልደታቸውን ስለሚያውቅ ነው።

ዳማው
እኔ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ይቅርታ አድርግልኝና የምታሰላው ነገር ራሱ ስህተት ነው። እነዚህ ኦዶች ከየት የመጡ ናቸው? ሞርኒንግ ላይን ናቸው አይደል? ሞርኒንግ ላይን እኮ ውርርዱ ሳይጀመር የሚወጣ የአንድ ሰው ግምት ነው። ማን እንደሚያሸንፍ አይደለም የሚገምተው፣ ሕዝቡ ገንዘቡን የት እንደሚያስቀምጥ ነው። አንተ እሱን ወደ መቶኛ ቀይረህ “የማሸነፍ እድል” ብለህ ጻፍክበት። የሌላ ሰው ሐሜት በኤክሴል አጽድተህ አስቀመጥክ ማለት ነው።

እስቲ የአንዱን ሩጫ መቶኛ ደምረውና ስንት እንደሚመጣ ንገረኝ።

በረዶ ያገተው
ነምበር ሳደርገው ሠራ! 🙌 መምህርት ዕድሜ ይስጥሽ። ዳማው፣ የመጀመሪያውን ሩጫ ደመርኩት። ስድስት ፈረስ ነው፣ 8/5፣ 5/2፣ 7/2፣ 6፣ 8 እና 12። ድምሩ 122 በመቶ መጣ። ፎርሙላዬ ተሳስቷል?

ዳማው
ፎርሙላህ ደህና ነው። 122 የመጣው ቤቱ ድርሻውን ስለሚወስድ ነው። እዚያ የምትጫወተው ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር ነው፣ ገንዘቡ አንድ ሣጥን ውስጥ ይገባና መጀመሪያ ተቆርጦለት የቀረው ለአሸናፊዎች ይከፈላል። በኒው ዮርክ ከአንደኛ፣ ከሁለተኛና ከሦስተኛ ውርርድ 16 በመቶ ይቆረጣል። የሁለትና የሦስት ፈረስ ጥምር ላይ ከዚያም ይበልጣል። ስለዚህ ልክ 100 የሚመጣ ድምር አትጠብቅ።

ደግሞ ያ ኦድ የመጨረሻው አይደለም። ሕዝቡ ገንዘቡን ሲጨምር ፈረሶቹ የሚነሱበት በር እስኪከፈት ይለዋወጣል። እንዲያውም ፈረሶቹ እየሮጡ ሳለ ሲወርድ ታየዋለህ፣ የመጨረሻው ደቂቃ ገንዘብ ዘግይቶ ስለሚደመር። 5/2 ብለህ በ2 ዶላር 7 ዶላር ስትጠብቅ 5 ይዘህ ትመለሳለህ።

በረዶ ያገተው
ታዲያ ከምን ልጀምር? ሌላ ቁጥር የለኝም። ሰው ሁሉ በዚሁ ነው የሚጀምረው።

ዳማው
ሰው ሁሉ ይሸነፋል። ሞርኒንግ ላይኑን በእጅህ ሸፍነው። ፈረሱን እይ፦ በዚህ ርቀት ሮጦ ያውቃል? በአፈር ላይ ነው ያሸነፈው ወይስ በሳር? አኩዳክት በዚህ ወር ሳር ላይ ውድድር የለም፣ ሳር ላይ ያሸነፈ ፈረስ አፈር ላይ ሌላ ፍጥረት ሊሆን ይችላል። ከሮጠ ስንት ቀን ሆነው? ከማን ጋር ነበር የሮጠው? ከዚያ የራስህን ኦድ ጻፍ። ድምሩን 100 አድርገው። አንዱን 25 በመቶ ከሰጠኸው ላንተ 3 ለ 1 ነው። የሜዳው የኦድ ሰሌዳ 5 ለ 1 ካለ ቲኬት ቁረጥ። 2 ለ 1 ካለ፣ ቢያሸንፍም አያስቆጭህ፣ ተወው። ኤክሴልህ ለዚህ ነው የሚጠቅመው።

ጋሽ ኮርቻ
ዳማው ያለው ትክክል ነው፣ ምንም እንኳ አነጋገሩ ቢጎረብጥም። ፈረሱን እይ። እኔ ምን አልኩ?

ሶምሶማ
አንድ ነገር ልጨምር፣ የጊዜውን ኮለምም አጣራ። ወረቀቱ 1:10 ብሎ ከላይ ትንሽዬ 2 ካለው፣ 2ቷ የአምስትዮሽ ክፍል ናት። አንድ ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ከ0.4 ማለት ነው። ስትገለብጠው ትንሽዬዋ ትወርድና 1:102 ትሆናለች። ሌላ ቦታ ደግሞ 1:10.2 ተብሎ ይጻፋል፣ እሱም ያው 0.4 ነው። በመቶኛ ሰከንድ ከሚጽፍ ምንጭ ጋር ካደባለቅክ አንዱ ፈረስ በማያውቀው ነገር ሲቀድም ታየዋለህ። የድሮ ሰዎች አንድ አምስተኛ ሰከንድን በአንድ የፈረስ ርዝመት ነው የሚመነዝሩት። ስለዚህ 0.4ን 0.2 ብለህ ስታነብ አንድ ሙሉ ፈረስ ነው የምትሳሳተው።

እና ከውድድሩ የወጡትን ፈረሶች አይተሃል? በበረዶ ቀን ጠዋት ብዙ ፈረስ ይወጣል። 4 ቁጥር ከወጣ 5 ቁጥር ያው 5 እንደያዘ ይቀጥላል፣ በሩ ላይ ግን ወደ ውስጥ ይጠጋል። ቲኬት ስትቆርጥ የምትጠራው የልብሱን ቁጥር ነው። በሩን ቆጥረህ እንዳትጠራ፣ እኔ አንዴ እንደዚያ አድርጌ ያሸነፈውን ፈረስ አጠገቡ ባለው ቀይሬዋለሁ። ዛሬም ሲነሳብኝ ሆዴ ይታመማል።

በረዶ ያገተው
ሁለት ወጥተዋል!! አላየሁም ነበር። 3 እና 6። ሰንጠረዡን እያስተካከልኩ ነው። 11 ደቂቃ።

ልጓም
ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው።

ማታ ፈረቃ
ከሥራ ገና መግባቴ ነው፣ አነበብኩት። ሰዎች፣ ውድድሩ መኖሩን ያጣራ አለ? እንዲህ ሲበርድ ሌሊቱን ሙሉ አፈሩን በትራክተር እያገላበጡት ነው የሚያድሩት፣ በብርዱ ረግቶ እንዳይጠጥር። ካልሆነላቸው ወይም ጋላቢዎቹ አንጋልብም ካሉ ቀኑ ሙሉ በሙሉ ይሰረዛል። እኔ ባለፈው ክረምት ሁለት ሰዓት ሙሉ ለተሰረዘ ውድድር ተዘጋጅቻለሁ። መጀመሪያ የሜዳውን ሁኔታ እይ። ፋስት (ደረቅ) ነው የሚለው፣ መዲ (ጭቃ) ነው፣ ፍሮዝን (በብርድ የረጋ) ነው? ፈረሱ በጭቃ ሮጦ ካላወቀና ሜዳው ጭቃ ከሆነ ያ ሁሉ ቁጥር ዋጋ የለውም።

ዳማው
ይሄ ነው መልስ። ይሄ ከላይ መጻፍ ነበረበት።

ሂሳብ አስተማሪዋ
ከላይማ ጠያቂው 0.00 በመቶ ብሎ እያለቀሰ ነበር።

በረዶ ያገተው
ፋስት ይላል፣ አልተሰረዘም። 4 ደቂቃ። ሞርኒንግ ላይኑን በወረቀት ሸፍኜ የራሴን ጻፍኩ። 5 ቁጥር ለኔ 4 ለ 1 ነው፣ ሰሌዳው 9 ለ 1 ይላል። ጋሼ፣ ላቡን አየሁለት፣ ደረቅ ነው። ጆሮውም ቆሟል። ልቆርጥ ነው። መጥቼ እነግራችኋለሁ።

ጋሽ ኮርቻ
በርታ ልጄ። ትንሽ ብቻ ቁረጥ።

ሶምሶማ
የልብሱን ቁጥር!

ልጓም
እ?

ልጓም
ሩጫው ካለቀ ሃያ ደቂቃ ሆነው። ወይ ሀብታም ሆኖ ረስቶናል ወይ ኮምፒውተሩን በመስኮት ወርውሮታል።

ማታ ፈረቃ
ሁለት ቀን ሆነ። 5 ቁጥር ምን ሆነ? ያየ ሰው የለም?

ፈጣን መልስ
ፎርማቱን ቴክስት አድርጎት ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።