«ሂት»፣ «ኬይፌብ»፣ «ቡከር»፦ የሬስሊንግ ወዳጆች ቃላት በአማርኛ እንዴት ይፈቱ?

ሆሄ፦
የተከበራችሁ የቃላት ወዳጆች፣ ጤና ይስጥልኝ። የፕሮፌሽናል ሬስሊንግ (አሸናፊው አስቀድሞ የሚወሰንበት የትግል ትርኢት) ተከታታዮች ስለ ኩባንያዎቹ የንግድና የፈጠራ አካሄድ የሚከራከሩበትን ረዘም ያለ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። የግጥሚያው ቃላት አላስቸገሩኝም፤ መጣሉም፣ ማነቁም፣ ጀርባን መሬት ማስነካቱም በእጃችን ያለ ነው። የከበደኝ የክርክሩ ቋንቋ ነው። «እገሌ ሂት የለውም»፣ «ፑሹን አቋረጡበት»፣ «ቡኪንጉ ተበላሸ» ይላሉ። ሂትን «ሙቀት»፣ ፑሽን «ግፊያ» ብዬ ባልፍ አንባቢ ምን ይጨብጣል? ከሁሉ በፊት ሂት፣ ኬይፌብ እና ቡከር ቢፈቱልኝ ደስ ይለኛል። ስለ «ፕሮሞሽን» ግን ወስኛለሁ፤ ቃሉ በአማርኛ ማስታወቂያን ስለሚያስታውስ «የሬስሊንግ ኩባንያ» እላለሁ።

ዘርፍ፦
እህቴ ሆሄ፣ ከሂት እንጀምር፤ የሌሎቹ ሁሉ ሥር እዚያ ነው። በሬስሊንግ ሕዝብ እንዲወደው የተሰናዳ ገጸ ባሕርይ «ቤቢፌስ»፣ እንዲጠላው የተሰናዳው ደግሞ «ሂል» ይባላል። ሂት ሂሉ ከተመልካች የሚያገኘው ጥላቻ ነው። ይሁንና «ጥላቻ» ብለሽ ብቻ ካለፍሽው ንግዱ ይቀራል። ሂሉ የሚፈልገው ሰው ሽንፈቱን ለማየት ሲል ትኬት እስኪገዛ ድረስ እንዲጠላው ነው። ተመልካች ሲጮኽበት ሥራው ሠመረ ማለት ነው።

አንድ ምሽት ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 1996፣ ዳይቶና ቢች፣ ፍሎሪዳ። ደብልዩ ሲ ደብልዩ የተባለው ኩባንያ «ሦስተኛው ሰው ማን ይሆን?» እያለ ሕዝቡን ሲያጓጓ ሰንብቷል፤ ሁለት ሰርጎ ገቦች ኩባንያውን ሊወርሩ መጥተዋል፣ አጋራቸው አልታወቀም። ግጥሚያው ሲፋፋም ከአሥር ዓመት በላይ የሕፃናት ጀግና ሆኖ የኖረው ሃልክ ሆጋን ወደ ሪንጉ መጣ። ሰርጎ ገቦቹ ከሪንጉ ሸሹ፤ አዳራሹ ሊረዳ የመጣ መሰለው። ሆጋን ግን ዘሎ እግሩን የጣለው ወለሉ ላይ በተዘረረው በኩባንያው ተሟጋች በራንዲ ሳቬጅ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ቪዲዮ ፈልገሽ እዪው፤ የመጠጥ ኩባያና ቆሻሻ እየዘነበ ሪንጉን አለበሰው፣ ሆጋን ቃለ መጠይቅ የሰጠው በቆሻሻ መሐል ቆሞ ነው። ሂት ማለት ያ ነው። በዚያው ዓመት የደብልዩ ሲ ደብልዩ የሰኞ ምሽት ፕሮግራም ከተፎካካሪው ደብልዩ ደብልዩ ኤፍ ፕሮግራም በተመልካች ብዛት መብለጥ ጀመረ፤ ብልጫውም ለ83 ተከታታይ ሳምንታት ዘልቋል።

አንቀጽ፦
ልጄ ሆሄ፣ ዘርፍ እንዳብራራው ከሆነ «ቁጣ» የሚለው ይሻላል። ጥላቻ በልብ ተቀምጦ ዝም ሊል ይችላል፤ ቁጣ ግን ይነሣል፣ ይጮኻል፣ ይንቀሳቀሳል። «ቁጣ ቀሰቀሰ»፣ «አዳራሹን አስቆጣ» ብትዪ ሂሉ አድራጊ መሆኑም ይታያል። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፤ ሕዝቡ የጮኸበት ሁሉ ሂት አገኘ ይባላል?

ዘርፍ፦
ጋሽ አንቀጽ፣ አይባልም፤ ተከታታዮች በጣም የሚጣሉትም እዚህ ላይ ነው። ገጸ ባሕርዩን ሳይሆን ሰውየውን ወይም ታሪኩን ማየት ሰልችቷቸው የሚጮኹበት ጊዜ አለ። ይህኛው ጥላቻ የሚያመጣው ገንዘብ የለም፤ ሰው ጣቢያውን ይለውጣል፣ ትኬት መግዛቱን ይተዋል። ለዚህ የተለየ ስም አላቸው፤ ወደ እኛ ሲመጣ «ከዓይኔ ጥፋ» የሚሉት ዓይነት ጥላቻ ነው። ከሩቅ ለሚሰማ ሁለቱም ያው ጩኸት ይመስላል። የፈጠራ ክፍሉ አንዱን ከሌላው መለየት ሲያቅተው ኩባንያው «ተሳክቶልናል» እያለ ደንበኛውን ያጣል።

አንቀጽ፦
እንግዲያው አማርኛው አዘጋጅቶ አስቀምጦልናል፦ «ማስቆጣት» እና «ማስመረር»። የተቆጣ ሰው ይመለሳል፤ የተማረረ ሰው ይሄዳል። «ሂሉ ተመልካቹን አስቆጣ» ለአንደኛው፣ «ተመልካቹን አስመረረ» ለሁለተኛው። የቤቢፌሱን አቀባበል በተመለከተ፣ እነርሱ «ፖፕ» የሚሉትን ድንገተኛ የደስታ ጩኸት «ሆታ» ብትዪው አትሳሳቺም።

ንባብ፦
ማስቆጣትና ማስመረር እጅግ ተስማምተውኛል። እኔ ስለ ኬይፌብ ልጠይቅ። የተቀነባበረውን ግጥሚያ እንደ እውነተኛ ጠብ ማቅረብ ከሆነ ትርጉሙ፣ ከ«ሰምና ወርቅ» የተሻለ ከየት እናገኛለን? ላይ ላዩ ፍልሚያ፣ ውስጡ ስምምነት።

አንቀጽ፦
ንባብ፣ ሐሳብህ ይማርካል፤ ነገር ግን አልቀበለውም። ባለ ቅኔው ሰሙን የሚያቀርበው ወርቁ እንዲገኝለት ነው፤ ሰሚ ሲያገኝለት ይደሰታል። ኬይፌብ ግን ወርቁ ፈጽሞ እንዳይገኝ መጠበቅ ነው። እኔ «ገበና» ወደሚለው አደላለሁ። ገበና የቤተ ሰብ ምሥጢር ነው፤ የሚጠበቀው አባላቱ በሙሉ አብረው ስለሚኖሩበት ነው፣ ያወጣው ሰውም እንደ ከዳተኛ ይቆጠራል። «የሙያውን ገበና ጠበቁ»፣ «ገበናውን ገለጡ» ብንል ይሄዳል።

ዘርፍ፦
ለድሮው ዘመን ጋሽ አንቀጽ ያሉት ልክ ነው። በ1987 ኒው ጀርዚ ውስጥ፣ በሪንግ ላይ የለየላቸው ጠላቶች የነበሩ ሁለት ተፋላሚዎች በአንድ መኪና ሲጓዙ ፖሊስ ያዛቸው። ጠበኞች አብረው መጓዛቸው በጋዜጣ መውጣቱ ራሱ ለሙያው ቅሌት ነበር። ገበናን በይፋ የገለጠው ግን ንግድ ነው። በ1989 የያኔው ደብልዩ ደብልዩ ኤፍ፣ የአሁኑ ደብልዩ ደብልዩ ኢ፣ ለኒው ጀርዚ ግዛት ሕግ አውጪዎች ሬስሊንግ መዝናኛ እንጂ እውነተኛ ውድድር አለመሆኑን አስረዳ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እንደ ስፖርት ከተቆጠረ የአትሌቲክስ ኮሚሽን ቁጥጥርና ክፍያ ይከተለዋል። ለዘመናት የተጠበቀው ምሥጢር ወጪ ለመቀነስ ሲባል ተነገረ።

ከዚያ ወዲህ ተመልካቹ ወርቁን ያውቃል። ስለዚህ ለዛሬው ሬስሊንግ የንባብ ሐሳብ ተመልሶ ይመጣል ብዬ አምናለሁ፤ የዛሬ ተከታታይ «ይህ የተቀነባበረ ነው ወይስ የእውነት?» እያለ መፍታት ይወዳል። በእነርሱ አነጋገር የተቀነባበረው «ወርክ»፣ የእውነቱ «ሹት» ነው።

የዚህ ሁሉ ማጣቀሻ ኖቬምበር 9 ቀን 1997፣ ሞንትሪያል ነው። ሻምፒዮኑ ብሬት ሃርት ወደ ተፎካካሪው ደብልዩ ሲ ደብልዩ ሊሄድ ነው። ውሉ በመጨረሻዎቹ 30 ቀናት በገጸ ባሕርዩ አካሄድ ላይ ምክንያታዊ የሆነ የመወሰን መብት ይሰጠዋል፤ በገዛ አገሩ በካናዳ ለሾን ማይክልስ መሸነፍን አልፈቀደም። ሊደረግ የተስማሙበት አጨራረስ ሌላ ነበር። ማይክልስ የሃርትን የራሱን እግር ማጠፊያ ሲይዝበት፣ ከሪንጉ አጠገብ የቆመው የኩባንያው ባለቤት ቪንስ ማክማን ሃርት እጁን እንደ ሰጠ ተቆጥሮ የማብቂያው ደወል እንዲመታ አዘዘ። ሃርት እጁን አልሰጠም፤ የሻምፒዮንነት ቀበቶው ግን ተወሰደ። ሃርት ማክማን ፊት ላይ ተፋበት። ያ ወርክ አልነበረም።

የሚገርመው ቀጥሎ የመጣው ነው። ሕዝቡ ባለቤቱን ከልቡ ጠላው፤ ኩባንያውም ያንን እውነተኛ ቁጣ ወስዶ «ሚስተር ማክማን» የተባለ ክፉ አለቃ ፈጠረበት፣ ከተፋላሚው ከስቲቭ ኦስቲን ጋርም አጋጨው። ኤፕሪል 13 ቀን 1998 ሁለቱ እንደሚጋጠሙ በተነገረበት ምሽት የ83ቱ ሳምንታት ብልጫ አከተመ።

ንባብ፦
ታዲያ ይህን ስንተረጉም ሁለቱንም እንጠቀም፤ ከ1989 በፊት ላለው «ገበና»፣ አድማጩ እያወቀ ለሚጫወተው «ሰምና ወርቅ»።

አንቀጽ፦
ለማብራሪያ ይሁን እንጂ አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ይዞ በአንድ ጽሑፍ መዞር የለበትም። ልጄ፣ «ኬይፌብ» ብለሽ እንደ ውሰት ቃል አስገቢውና መጀመሪያ ሲመጣ «የሙያው ገበና» ብለሽ ፍቺው። ቀጥሎ ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ይሸከመዋል።

ሆሄ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እንደዚያ አደርጋለሁ። ቡከርን «ደራሲ» ብዬው ነበር፤ ይስማማል?

ዘርፍ፦
አይበቃም። ደራሲ ታሪክ ይጽፋል፤ ቡከር ግን ማን ከማን ጋር፣ የትና መቼ እንደሚጋጠም፣ ማን እንደሚያሸንፍና ቀበቶው ማን ዘንድ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ይወስናል። ይህን ሲወስን የጉዳት ዜና፣ ሊያልቅ የተቃረበ ውልና ያልተሸጠ ወንበር አብረው ከፊቱ አሉ። ተከታታይ «ቡኪንጉ ተበላሸ» ሲል ታሪኩ አሰልቺ ነው ማለቱ ብቻ አይደለም፤ የተዘራው ሳይታጨድ ቀረ ማለቱ ነው።

ደስቲ ሮድስ በ1980ዎቹ ለጂም ክሮኬት ኩባንያ ሲያቅድ የሚታወቅበት አጨራረስ ነበረ፤ ቤቢፌሱ ቀበቶውን ያሸነፈ መስሎ ሆታው ከተነሣ በኋላ በሕግ ሰበብ ይቀማል። አንድ ጊዜ ሲደረግ ሕዝቡን ለበቀል ግጥሚያ ይመልሰዋል። ደጋግሞ ሲመጣ ግን ጋሽ አንቀጽ እንዳሉት ቁጣው ምሬት ይሆናል፤ ሰው ለደስታው ዋስትና እንደሌለው ከተረዳ መደሰቱን ያቆማል። አጨራረሱ እስከ ዛሬ የሚጠራው በእርሱ ስም ነው።

አንቀጽ፦
«ቀያሽ» በይው። መንገድ የሚቀይስ ሰው መድረሻውን ያውቃል፣ መሬቱንም ይለካል። «የግጥሚያ ቀያሽ»፣ ሥራውም «ቅየሳ»።

ንባብ፦
«ቅየሳው ተበላሸ» ጥሩ ይሰማል። ግን ዛሬ ቀያሹ ማነው? አንዳንዱ ጽሑፍ ስለ አንድ ሰው፣ አንዳንዱ ስለ ሙሉ ክፍል ያወራል።

ዘርፍ፦
እንደ ኩባንያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በተመሠረተው ኤ ኢ ደብልዩ በተባለው ኩባንያ ባለቤቱ ቶኒ ካን ራሱ ቀያሽ ነው። በደብልዩ ደብልዩ ኢ ደግሞ ከጁላይ 2022 ጀምሮ የፈጠራውን ክፍል የሚመራው የቀድሞው ተፋላሚ ፖል ሌቬክ ነው፤ ከሴፕቴምበር 2023 ወዲህ ኩባንያው ከድብልቅ ፍልሚያ ኩባንያው ከዩ ኤፍ ሲ ጋር ቲ ኬ ኦ በተባለ እናት ኩባንያ ሥር ስላለ ከበላዩ የዲሬክተሮች ቦርድ አለ። በዚህ ምክንያት ተከታታዮች «ይህ የማን ውሳኔ ነው?» እያሉ ይሟገታሉ።

በ2024 የታየው ይህ ነው። ኮዲ ሮድስ፣ የደስቲ ልጅ፣ በዓመቱ ትልቁ መድረክ ሻምፒዮኑን ሮማን ሬንስን የመግጠም መብት በውድድር አገኘ። ፌብሩዋሪ 2 ላይ ግን፣ ከጥቂት ቀናት በፊት የቲ ኬ ኦ ቦርድ አባል የሆነው ድዌይን ጆንሰን፣ ማለትም ዘ ሮክ፣ ብቅ አለና ኮዲ ቦታውን የለቀቀለት ሆኖ ቀረበ። ተመልካቹ አመጸ፤ በየአዳራሹ የኮዲን ስም ይጠራ ጀመር። በሳምንቱ አካሄዱ ተቀለበሰ፤ ዘ ሮክ ወደ ሂልነት ዞረ፣ ኮዲ ቦታው ተመለሰለት፣ ኤፕሪል 7 ላይም ፊላደልፊያ ውስጥ የሬንስን የ1,316 ቀናት ንግሥና ቋጨ። ያ ጩኸት በዘ ሮክ ገጸ ባሕርይ ላይ የተነሣ ሳይሆን በቅየሳው ላይ የተነሣ ነበር፤ ኩባንያው ግን ወደ ገጸ ባሕርዩ መለሰው። እኔ ከብዙ ዓመታት ወዲህ ያየሁት ምርጥ የቅየሳ ሥራ ይህ ነው።

ሆሄ፦
ይህ በጽሑፉ ውስጥም በሰፊው ተነሥቷል፤ አሁን ገባኝ። የቀሩትን በአጭሩ ብትነግሩኝ፦ «ፑሽ»፣ «ኦቨር»፣ «ጆበር»፣ «ድሮው»።

አንቀጽ፦
እንደ ገባኝ ከሆነ «ፑሽ» ኩባንያው አንዱን ተፋላሚ ወደ ላይ ማውጣቱ ነው፤ «ወደ ፊት አመጡት»፣ ሲቋረጥም «ወደ ኋላ መለሱት»። «ኦቨር» ሕዝብ ዘንድ መግባቱ ነው፤ «በሕዝብ ዘንድ ገነነ»። ሁለቱ እንዳይምታቱብሽ፤ ወደ ፊት የሚያመጣው ኩባንያው ነው፣ የሚያገንነው ግን ሕዝቡ ነው። «ጆበር» የተባለው ተሸናፊ ሆኖ ሌላውን የሚያገንን ከሆነ «አንጋሽ» የሚል የከበረ ቃል አለን።

ዘርፍ፦
«አንጋሽ»ን ለጆበር አልሰጥም፤ ጆበር በየሳምንቱ እንዲሸነፍ የተቀጠረ ሰው ስለሆነ እርሱን ማሸነፍ ለአሸናፊው ክብር አይጨምርም። አንጋሽ ስሙ ከብዶ ሳለ አዲሱን ሰው ያሸንፈኝ ብሎ የሚፈቅደው አንጋፋ ነው።

«ድሮው» በስሙ ሰው የሚጠራ ተፋላሚ ነው፤ «ገበያ ያለው» ይበቃል። ትርጉሙ ግን ተንሸራቷል። በ1948 የተቋቋመው የሬስሊንግ ኩባንያዎች ማኅበር የኤን ደብልዩ ኤ አባላት አገሩን በክልል ተከፋፍለው ሲሠሩ አንድ የጋራ ሻምፒዮን ከክልል ክልል ይዞር ነበር፤ ገበያ ያለው መሆኑ በዚያው ምሽት በትኬት መስኮት ይታወቃል። ዛሬ ደብልዩ ደብልዩ ኢ የሰኞ ፕሮግራሙን ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ለኔትፍሊክስ ያቀረበው ለ10 ዓመት ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ በሚያወጣ ውል ነው። ገንዘቡ ቀድሞ የተፈረመ ስለሆነ አንድ ተፋላሚ በዚህ ሳምንት ስንት ሰው ጠራ የሚለው እንደ ቀድሞው ዘመን አይለካም፤ ገበያ ያለው የኩባንያው ስም ሆኗል። ብዙ ተከታታዮች የሚያሳስባቸው፣ እኔንም የሚያሳስበኝ፣ እዚህ ላይ ነው፤ የቀያሹ ስሕተት በትኬት መስኮት ቶሎ ካልታየ ማን ይመልሰዋል?

ሆሄ፦
የመጨረሻ ጥያቄ፤ «ተርን»ን «ጎራ ለወጠ» ብዬ ልተወው?

አንቀጽ፦
ሁለት አድርጊው። ቤቢፌስ ወደ ሂልነት ሲዞር «ሕዝቡን ከዳ»፤ ሂል ወደ ቤቢፌስነት ሲዞር «ከሕዝቡ ጋር ታረቀ»።

ዘርፍ፦
በአንድ ግጥሚያ ሁለቱም የሆኑበት አለ። ማርች 23 ቀን 1997 ኦስቲን ሂል፣ ሃርት ቤቢፌስ ሆነው ገቡ። ኦስቲን ፊቱ ደም ለብሶ፣ እግሩ ታጥፎ፣ እጅ አልሰጥም እንዳለ ራሱን ሳተ፤ ሃርት ግን ግጥሚያው አብቅቶም መደብደቡን አልተወም። ኦስቲን ያለ አንድ ቃል ታረቀ፣ ሃርት ከዳ። ትርጉምሽን እዚህ ላይ ሞክሪው፤ «ጎራ ለወጡ» ብትዪ ማን ወዴት እንደሄደ አይታወቅም።