ልጄ ጥንቸል ካላመጣሽልኝ ትላለች፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው። ውሻ ውሻ ስትል ከረመች። አከራያችን ውሻ አይፈቅድም ብለን ስናስረዳት ወደ ጥንቸል ዞረች። ባለቤቴ «ጥንቸል ምን ችግር አለባት፣ ካሮት ከጣልሽላት ኬጇ ውስጥ ቁጭ ነው» ይላል። እኔ ግን ፈራሁ። ሁለታችንም ሥራ ነው የምንውለው። ሰመር ላይ ደግሞ አዲስ አበባ ለመሄድ አስበናል። ጥንቸል ያላችሁ ወይም የነበራችሁ፣ ሳትሸፋፍኑ ንገሩኝ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

እህቴ፣ እኔ እንስሳት ክሊኒክ ውስጥ በረዳትነት ነው የምሠራው። ቤቴም ጥንቸሎች አሉኝ፣ እወዳቸዋለሁ። ስለዚህ የምጽፈው ጠልቻቸው እንዳይመስልሽ።

መጀመሪያ ዕድሜዋን አስቢ። ቤት ውስጥ በደንብ የተያዘች ጥንቸል ከ8 እስከ 12 ዓመት ትኖራለች። ልጅሽ ኮሌጅ ገብታ ዶርም ስትይዝ ጥንቸሏ ካንቺ ጋር ናት። ለልጅ ብለሽ ብትገዢም ባለቤቷ አንቺ ነሽ። ይህን ከተቀበልሽ የቀረው ይለመዳል።

የካሮቱ ነገር የካርቱን ወሬ ነው። ካሮት ስኳር አለው፤ አልፎ አልፎ ትንሽ ቁራጭ ይበቃታል። ዋናው ምግቧ ድርቆሽ ነው። እዚህ ቲሞቲ ሄይ የሚሉት አለ፤ ሌሊትም ቀንም ከፊቷ መጥፋት የለበትም። ጥርሷ ዕድሜ ልኳን ያድጋል፤ የሚሞርደው ሣር ማኘኩ ነው። አንጀቷም የሚንቀሳቀሰው በሣሩ ነው። በከረጢት የሚሸጠው ጥራጥሬ መሳይ ፔሌት ለትልቅ ጥንቸል በጣም ጥቂት ነው የሚሰጠው። ከቅጠል ደግሞ ሰላጣ (ክቡን፣ አይስበርግ የሚሉትን ሳይሆን ረጅሙን)፣ የድንብላል ቅጠል፣ ፓርስሊ ይሆናታል። ጎመንም በመጠኑ። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አቮካዶ፣ ድንች፣ ቸኮሌት ፈጽሞ አይሞከርም። ዳቦና እንጀራም እንደዚያው። በእኛ ቤት እንግዳ ሁሉ ማጉረስ ስለሚወድ ይህን ፍሪጁ ላይ ለጥፊው።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ጥንቸል በሌሎች አውሬዎች የምትበላ እንስሳ ስለሆነች ሕመሟን ትደብቃለች። አንድ ማዕዘን ላይ ኩርምት ብላ ስታዪያት የተኛች ይመስልሻል። ለ12 ሰዓት ያህል ምንም ካልበላች ወይም ኩሷን ካላየሽ ያ ድንገተኛ ሕመም ነው። አንጀቷ ቆሟል ማለት ነው። ጥንቸል ማስታወክ አትችልም፤ ጋዝ ይሞላታል፣ ያማታል፣ ስላመማት ደግሞ ጭራሽ አትበላም። «ነገ ከሥራ መልስ እናሳያታለን» ብለው አቆይተው የሚያመጡልን አሉ። ብዙ ጊዜ አትተርፍም።

ችግሩ ሁሉም ቬት (የእንስሳት ሐኪም) ጥንቸል አያይም። አብዛኛው ለውሻና ለድመት ነው። ጥንቸል የሚያክሙት ኤግዞቲክ የሚባሉትን፣ ማለትም ከውሻና ከድመት ውጭ ያሉትን እንስሳት የሚያዩ ናቸው፤ ዋጋቸውም ከፍ ይላል። ጥንቸል ሳትገዢ በፊት ቀንም ሌሊትም ጥንቸል የሚቀበል ሐኪም በስልክ አረጋግጪ። በ1988 ካሊፎርኒያ የተመሠረተው ሀውስ ራቢት ሶሳይቲ የሚባለው የጥንቸል ማኅበር የሐኪሞች ዝርዝር አለው፤ ከዚያ ጀምሪ።

መድኃኒትም በራስሽ አትስጫት። ከአገር ቤት የመጣ አሞክሳሲሊን በየመሳቢያችን አለ፣ አውቃለሁ። በአፍ ከተሰጣት አንጀቷ ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ያጠፋና ሊገድላት ይችላል። ፊፕሮኒል ያለበት የውሻና የድመት የቁንጫ ጠብታም እንደዚያው።

ሴት ከሆነች ማምከኛ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል። ያልመከኑ ሴት ጥንቸሎች ዕድሜያቸው ሲገፋ የማህፀን ካንሰር በብዛት ይይዛቸዋል። ወንዱ ካልመከነ ደግሞ ሶፋውንም ምንጣፉንም በሽንት ይረጨዋል። ክሊኒክ ሄደሽ ካሠራሽ በመቶዎች ዶላር የሚቆጠር ነው። ከሼልተር (ከእንስሳት መጠለያ) ከወሰድሻት ግን አብዛኛውን ጊዜ ተሠርቶላት ነው የምትመጣው። የፈረንጆቹ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ለልጅ ስጦታ ተብለው የተገዙ ጥንቸሎች ወደ ሼልተር መመለስ ይጀምራሉ፤ ምርጫ አታጪም።

ለልጅሽም አንድ ነገር ንገሪያት። ጥንቸል መታቀፍ አትወድም። ከመሬት ስትነሳ ጭልፊት የነጠቃት ይመስላታል። ስትወራጭ አከርካሪዋ ሊሰበር ይችላል። መሬት ቁጭ ብላ ትጠብቃት፤ ራሷ መጥታ ታሸታታለች። ለስምንት ዓመት ልጅ ይህ ትዕግሥት ከባድ ነው። ልጅሽን የምታውቂያት አንቺ ነሽ።

ከዳላስ፣ ቴክሳስ

እኔ ግን ልጆች፣ ይሄ ሁሉ ጣጣ አይገባኝም። ውጭ ጓሮ ላይ ቤት ሠርቶ ማኖር ነው። እንስሳ የሚያድረው ውጭ ነው። ደግሞስ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ላይ ጥንቸል ርኩስ ናት ተብሎ ተጽፎ የለም እንዴ? የልጄ ልጆች ጥንቸል ባመጡ ጊዜ ባለቤቴ ከአገር ቤት ለጥየቃ መጥታ ነበር፤ ወጥ ቤት በምታልፍ ቁጥር ታማትብ ነበር።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ጋሼ፣ እትዬን አደራ ሰላም በሉልኝ። የኦሪቱ ሕግ ለመብላት ነው፤ ማንም እንብላት አላለም። እዚያው «ያመሰኳል» ተብሎ የተጻፈላት ደግሞ የሚገርም ነው። እንደ በሬ ባታመሰኳም ሌሊት የምትጥለውን ለስላሳ ኩስ ራሷ መልሳ ትበላዋለች፤ አንድን ሣር ሁለቴ ነው የምትፈጨው። ሕፃናቱ ይህን ሲያዩ እንዳይደነግጡ፤ ጤናዋ ነው።

ጓሮውን ግን እባክዎ ተዉት። ጥንቸል በላብ ራሷን ማቀዝቀዝ አትችልም። ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ሙቀቱ ሊመታት ይችላል፤ የዳላስ ሐምሌ ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ራኩን የሚባለው አውሬና ጭልፊትም አሉ። በ2020 በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ የዱር ጥንቸሎች ላይ የታየው አርኤችዲቪ2 የሚባል ቫይረስም አለ። ሰው አይዝም፣ ጥንቸል ግን በጥቂት ቀናት ይገድላል። ከ2021 ወዲህ እዚህ አገር ክትባት አለው፤ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ከፍራንክፈርት፣ ጀርመን

እዚህ በኪራይ ቤት እንደ ጥንቸል ያሉ ትንንሽ እንስሳት ያለ አከራይ ፈቃድ ማሳደግ ይቻላል፤ ቁጥራቸው ካልበዛ። አሜሪካ ግን በሊዙ (በኪራይ ውሉ) ነው የሚወሰነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እህቴ ውሻ አይፈቀድም ማለት ጥንቸል ይፈቀዳል ማለት እንዳይመስልሽ፣ በጽሑፍ ጠይቂ።

ደግሞ አንድ ብቻዋን አትውሰጂ። እኛ ከተማ ሼልተሩ ብቻዋን እንድትኖር ጥንቸል አልሰጥም ብሎን ጥንድ ነው የወሰድነው። ሥራ ለምትውሉ ሰዎች ሁለቱ ይሻላሉ፣ እርስ በርስ ይላላሳሉ። የወይፋይ ገመዱን ግን በፕላስቲክ ቱቦ ሸፍኑት። የእኛን በልተውት ልጆቹ የኦንላይን ክፍል አመለጣቸው።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ሁለት? ባለቤቴ ይህን ሲያነብ ኮምፒውተሩን ይዘጋዋል። ለማንኛውም ሊዙን አየሁት፣ ውሻ ብቻ ሳይሆን «ማንኛውም ፔት» (የቤት እንስሳ) ነው የሚለው። ለአከራዩ ኢሜል ልኬያለሁ። አዲስ አበባ ስንሄድስ? ጎረቤቴ ጥሩ ሴት ናት፣ ምግብ ትጥልልኛለች። ሌላው ደግሞ እኛ ቤት እሑድ እሑድ ቡና አይቀርም። ጭሱ ይጎዳታል?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ይጎዳታል። ጥንቸል የምትተነፍሰው በአፍንጫዋ ነው፤ ሳንባዋም ስስ ነው። ቡናው ሲቆላና ዕጣን ሲጨስ ሌላ ክፍል አስገብተሽ በሩን ዝጊ፣ መስኮት ክፈቺ። ቡናውን ተዪ አላልኩም፤ እንዴት ብዬ።

ጉዞው ነው የሚያሳስበኝ። ምግብ የሚጥል ጎረቤት ለድመት ይሆናል። ለጥንቸል ግን በቀን ሁለቴ ገብቶ በላች ወይ፣ ኩሷ አነሰ ወይ ብሎ የሚያይ፣ ካመማት ደግሞ የሐኪም ገንዘብ በእጁ ይዞ የሚሮጥ ሰው ያስፈልጋል። የውሻ ማቆያዎች አብዛኞቹ ጥንቸል አይቀበሉም፤ የሚቀበሉትም ውሻ የሚጮህበት ሕንፃ ውስጥ ከሆኑ በፍርሃት ብቻ መብላት ታቆማለች። እኛ ሐበሾች አገር ቤት ስንሄድ ሳምንት አንሄድም፣ ወሩን ነው የምንገፋው።

ስለዚህ በእኔ ሐሳብ አሁን አትግዢ። ሄዳችሁ ኑ። ስትመለሱ አከራይሽ ከፈቀደ ሼልተሩን ፎስተር እንሁን ብለሽ ጠይቂ። ለጥቂት ሳምንት ቤትሽ ታቆያታለሽ፤ ብዙዎቹ ሼልተሮች የሐኪሙን ወጪ ራሳቸው ይችላሉ። ልጅሽ የሽንት ሳጥኑን ታጸዳ እንደሆነ፣ አንቺም ድርቆሹ አለርጂ ያስነሳብሽ እንደሆነ ይታያል። ምንጣፉ ላይ የሚበተነውን ሣር ባልሽ ይችለው እንደሆነም እንደዚሁ።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

እግዜር ይስጥልኝ። ፎስተር የሚባል ነገር እንዳለ አላውቅም ነበር። ለልጄ ከመስከረም በፊት ወሬው እንዳይነሳ ብያታለሁ፤ እሷ ግን ከአሁኑ ስም አውጥታለች። አከራዩ ሲመልስልኝ እዚሁ እጽፋለሁ።